መሪጌታ አለባቸውና ሦስቱ ነጭ ሽንኩርት

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ነጭ ሽንኩርት ስመርጥ ሻጯ እጄን ቸብ አደረገችና «ምነው ወንድም ዓለም፣ ልታገባው ነው እንዴ እንዲህ የምታገላብጠው?» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እውነቷን እኮ ነው፤ ሥሩን ገልብጬ ሳላይ ነጭ ሽንኩርት ገዝቼ አላውቅም። ራሱ አነስ ያለ፣ ልጡ ቀላ ያለ፣ ገና ሳይላጥ አፍንጫ የሚሰረስር ሽንኩርት ነበር። እንዲህ ያለውን ጎንደር ገበያ ላይ ካየሁ ቆይቻለሁ።

«ከየት ያመጣሽው ነው?»

«ከጠዳ። የመሪጌታ ዘር ነው፤ አፈር ይቅለላቸውና።»

«የትኛው መሪጌታ?»

«መሪጌታ አለባቸው ነዋ! ያ ድምፃቸው የታፈነው። ሁዳዴ ሲገባ አረፉ እኮ። ምነው፣ ታውቃቸው ኖሯል?»

አፌን ከፍቼ «አውቃቸዋለሁ» ልል ነበር። ያልሁት ግን «እስቲ ትንሽ መርቂበት» ነው። መረቀችልኝ። ቤቴ ገብቼ ሽንኩርቱን ወንበር ላይ አስቀመጥሁና ሳየው ዋልሁ።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ እናንተ ከምትደርሱበት እኔው ብለው ይሻላል። የምነግራችሁ ግን ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ መሪጌታ አለባቸው ነው። እኔ የምገባው ባልገባ ኖሮ ደግ በነበረበት ቦታ ብቻ ነው።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ከእርሻ ትምህርት ቤት ወጥቼ ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ፤ ስሙን ተውት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አዲስ ቦርሳ አለኝ፤ በቦርሳው ውስጥ ደግሞ የብረት ሚዛን። ያን ጊዜ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አለቃዬ ጠራኝና «ሦስት ዓይነት ነጭ ሽንኩርት በደጋና በወይና ደጋ ይዘራ፤ የትኛው የት የበለጠ እንደሚሰጥ ለክተህ አምጣ» አለኝ። አንደኛው የአገሩ ቀይ ነው። ሁለተኛው ከትክል ድንጋይ ገበያ የተገዛ ነጭ። ሦስተኛው ከውጭ አገር የመጣ ትልቅ፣ አንዱ ራስ መዳፍ የሚሞላ፤ አለቃዬ እንደ ልጁ የሚያየው እሱን ነበር።

ለዚህ ሥራ በሁለቱም አገር መሬት ያለው፣ ደግሞም መጻፍ የሚችል ገበሬ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ተገኘ። መሪጌታ አለባቸው በአባታቸው ከዳባት በላይ ውርጭ የማይጠፋበት ደጋ፣ በእናታቸው ደግሞ ወይና ደጋው ጠዳ ርስት ነበራቸው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲኮተኩቱ እንኳ ጥምጥማቸው የማይላላ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ጎንደር ከተማ ካሉት አድባራት በአንዱ ማኅሌት ቆመዋል። የሰሟቸው ሲያወሩ፣ እሳቸው ዜማ ሲመሩ ከቅጥሩ ውጭ የሚያልፈው መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ ይሰማ ነበር ይላሉ። አንድ ዓመት ጉንፋን ይዟቸው ሳይሻላቸው ቆሙ፤ ድምፃቸው ተሰበረ፤ በዚያው ቀረ። ሹክሹክታ ብቻ ተረፈላቸው። ነጭ ሽንኩርት በማር እየዋጡ ሁለት ዓመት ጠበቁ። «ድምፄን ፍለጋ ገብቼ ሽንኩርት ይዤ ወጣሁ» ይሉ ነበር። ዜማ የማይመራ መሪጌታ ደብር ላይ ምን ይሠራል? ወደ አባታቸው ርስት ተመለሱና ገበሬ ሆኑ።

ባለቤታቸው እቴ ማንጠግቦሽ ደግሞ የሁለት ሰው ድምፅ ነበራት። እሳቸው በጆሮዋ ሹክ ይሏታል፤ እሷ ከደጃፏ ቆማ ለመንደሩ ሁሉ ታውጃለች። «አንተ የበሬው ባለቤት! መሪጌታ በሬህን ከማሳዬ አውጣ ይሉሃል!» ስትል ከወዲያ ማዶ ያለው ይሰማል። መሪጌታም እየሳቁ «እግዜር በአንድ እጁ ነሥቶ በሌላው ሰጠኝ» ይላሉ። ብርቄ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። አንድ ልጅ ብቻ።

እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው «አቶ ሚዛን» ብለው ጠሩኝ። ስሜን ነግሬያቸዋለሁ፤ አልተጠቀሙበትም። ሽንኩርት ነቅዬ ሚዛን ላይ ላወጣ ስል አንድ ጣታቸውን ያነሣሉ። ጣታቸው ከተነሣ ዝም ማለት ነው፤ አለበለዚያ ሹክሹክታቸው አይሰማም። ከዚያ ሽንኩርቱን ይቀበሉኛል፤ ራሱን ሳያዩ ገልብጠው ሥሩን ያያሉ፤ ያሸታሉ። «ራሱ ለገዢ ነው፤ ሥሩ ለገበሬ። አንተ ግን ገዢ ነህ» ይሉኛል። እበሽቅ ነበር። ያን ጊዜ ማን ይሰማል!

ሦስቱን ዘር በስድስት በስድስት መደብ ዘራን፤ ደጋው ላይ አሥራ ስምንት መደብ፣ ጠዳም እንዲሁ። በየመደቡ ራስጌ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት እንዲተከል አዘዝሁ። በሳምንቱ ብመለስ ደጋው ላይ አንድ እንጨት የለም። ዛፍ በሌለበት አገር እንጨት ተክሎ መሄድ ምን ዓይነት ሞኝነት ነው? የሰው ሁሉ ወጥ በእኔ ቁጥር ተሠርቷል። መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ከጓሮ አንድ አሮጌ እንስራ አምጥተው ሰባበሩና በየገሉ ላይ በሚስማር ጻፉ፤ ቀዩን «ቀይሕ»፣ ነጩን «ጸዓዳ»፣ ትልቁን «ዐቢይ»፤ ከሥሩ የመደቡን ቁጥር። እጃቸው የለመደው ግዕዝ ነበርና በግዕዝ ጻፉት። ከብት እንዳይረግጠው፣ ልጅ እንዳያነሣው ብለው በየመደቡ ራስጌ አንድ ስንዝር ቆፍረው ቀበሩት።

እኔስ ምን አልሁ? «ሸጋ ነው፣ አያ!» አልሁ። ደስ ብሎኝ የገሎቹን ቦታ በደብተሬ ላይ ሣልሁት።

በኅዳር ነቀልን። ጠዳ ላይ ትልቁ የቀዩን እጥፍ ሰጠ። ደጋው ላይም ሁለቱን በለጠ። እኔ ሚዛኔን ይዤ ልዘፍን ምንም አልቀረኝ፤ መሪጌታ ግን ከትልቁ መደብ በአንደኛው ዳር ተንበርክከው ቀሩ። አራት አምስት ሽንኩርት ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ተጋድሟል። አንዱን ነቅለው ገለበጡልኝ። ሥሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ አለ፤ በሻጋታው ውስጥ ጥቁር ጤፍ የሚያህሉ ፍሬዎች።

«ይህን በአባቴ መሬት አይቼው አላውቅም» አሉ። «ቀዩ ላይ የለም። ነጩ ላይ የለም። ትልቁ ላይ ብቻ።»

«ጠዳስ ትልቁ ምንም አልሆነም እኮ፣ አያ።»

ጣታቸውን አነሡ። «ዘሩ አንድ ነው፤ አገሩ ሁለት። ይህ ነገር ከዘሩ ጋር መጥቷል፤ ጠዳ ሙቀቱ ያዘው፤ እዚህ ብርዱን ወደደው። ሁለተኛ ክረምት እንየው። እስከዚያ ከትልቁ አንድ ፍሬ ከግቢዬ አይወጣም።»

ቃላቸውን ጠበቁ፤ መዘዙም ከዚህ ጀመረ። የትልቁ ሽንኩርት ወሬ ደርሷቸው ጎረቤቶች ዘር ሊለምኑ መጡ። የመጀመሪያው የእቴ ማንጠግቦሽ ወንድም አያ ፈንቴ ነው፤ የመንደሩ ጭቃ ሹም። መሪጌታ እንጀራና ጠላ አቀረቡለት፤ ዘር ግን አልሰጡም። በዚያ አገር እህቱን ለትዳር የነፈገ ሰው ይገኛል፤ ዘር የነፈገ ግን የለም። ጠላትህ እንኳ በሰኔ መጥቶ «ዘር አበድረኝ» ካለህ ጎተራህን ትከፍታለህ።

«አንድ ዓመት ታገሠኝ፤ በሽታ አለበት ብዬ ፈርቼ ነው» አሉት።

«በሽታ ካለበት አንተ ምነው አልታመምህ?» አለና አያ ፈንቴ ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ። «ከአባቶቻችን ጀምሮ ዘር የከለከለን ሰው አናውቅም፣ አለባቸው።»

እቴ ማንጠግቦሽ ለአንድ ሳምንት ባሏን አላናገረችም። በወንድሟ ፊት አዋርዷታላ!

እኔ የመሪጌታን ቃል ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። አየውና «ለአምስት ቢጫ ሽንኩርት ነው ይህ ሁሉ?» አለ። የትልቁን ውጤት ለበላዮቹ ልኮ ጨርሷል። እንዲያውም ከዚያው ዘር በጆንያ አስመጥቶ «ለመንደሩ አድል» አለኝ። ግንቦት ውስጥ በእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጆንያውን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አራግፌ ማደል ጀመርሁ። ሕዝቡ ከበበኝ፤ ይመርቀኛል፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

መሪጌታ ሰዉን እየገፉ መጡ። የሚናገሩትን ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። «ተው፣ አቶ ሚዛን። ተው። አንድ ክረምት ብቻ።» ወደ ሕዝቡ ዞረው ሊናገሩ ሞከሩ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የአንገታቸው ሥር ይገተራል፣ ድምፅ የለም። ዞሩና ሚስታቸውን «ንገሪልኝ» አሏት። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ዘር ለመከልከል አልጮህም» አለች። እኔ ማደሌን ቀጠልሁ። መሪጌታ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሰውም ሳቀባቸው።

በነሐሴ አጋማሽ የመንደሩ ሽንኩርት ቢጫ ሆነ። በመስከረም ስትስቡት ራሱ በእጃችሁ ይፈርሳል። ትልቁ ብቻ አይደለም፤ ቀዩም ከጎኑ ያለው እየተያዘ አለቀ። የአገሩ ሰው ጭቃው ከእግሩ እየተጣበቀ ማሳ ለማሳ ይረዳዳል፤ በሽታውን ይዞት ይዞራል ማለት ነው፤ ማን ያውቃል? በዚያው መስከረም ኩፍኝ ገብቶ ብርቄን ወሰዳት። በአርባ ቀኗ የአንድ ጎረቤት በሬ የመሪጌታን ማሳ ጥሶ ገባና በሰኮናው አንድ ገል አወጣ። ጽሑፍ ያለበት ገል፤ በግዕዝ፤ የተቀበረ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ድምፁ የታፈነ ደብተራ፣ ለሰው ዘር የከለከለ፣ በመሬት ውስጥ የግዕዝ ጽሑፍ የቀበረ፤ የአገሩ አዝመራ በሙሉ የበሰበሰ። ቆፈሩ። አሥራ ስምንት አወጡ።

አውጫጭ ተቀመጠ። በአውጫጭ የመንደሩ ወንድ ሁሉ መስክ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚገባ፣ ከብቱን የሚያሰማራ የለም። ስሙ ሳይገለጥ የሚጠቁም ሰው ይመረጣል፤ «ወፍ» ይሉታል። በሁለተኛው ቀን ወፏ «ዘር የከለከለ፣ ገል የቀበረ» አለች። መሪጌታ ተነሡና ከሽማግሎቹ ጆሮ ሥር ተጠግተው እንዲህ አሉ፦ «ድግምት አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው። በሽታው የመጣው ከታደለው ዘር ነው። ልጁ ሁሉንም በደብተሩ ጽፎታል። ልጁን ጥሩልኝ፤ እሱ ያለውን እቀበላለሁ።»

ሽማግሎቹ ክፉዎች አልነበሩም። «ደግ ብለሃል» ብለው ወደ ጎንደር ሰው ላኩብኝ።

ለአለቃዬ ነገርሁት። በሩን ዘጋና «እዚያ ሄደህ መሥሪያ ቤቱ በሽታ አመጣብን ብትል፣ ነገ በወንበርህ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ጉዳይ አወራኝ። እናቴን የምጦር እኔ ብቻ ነበርሁ። ሰበብ መቼ ይጠፋል! ደብተሩን ቤቴ አስቀምጬ ባዶ እጄን ወጣሁ። ዳባት ከማኪና ወርጄ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ስሄድ የምናገረውን ሳጠና ነበር።

መስኩ ላይ ወንዶቹ ተኮልኩለዋል። ገሎቹ በቁና ውስጥ ከመሐል ተቀምጠዋል። መሪጌታ ብቻቸውን ቆመው ነበር፤ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። እንደ አባት ነው ያዩኝ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ መሸከም አቅቶኛል።

የመንደሩ ቄስ አንድ ገል አነሡና «የተጻፈው ቀይ፣ ነጭ፣ ትልቅ የሚል ነው፤ ክፉ ነገር አላየሁበትም። የምጠይቀው ለምን ተቀበረ ብዬ ነው» አሉ። አያ ፈንቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የመንግሥት ሰው፣ እውነቱን ተናገር። ይህን ገል ጽፎ እንዲቀብር ያዘዝኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ያዘዝሁት እንጨት ነው» አልሁ።

ውሸት ነው? አይደለም። ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር።

መሪጌታ ጣታቸውን አነሡ፤ መስኩ ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ ለሽማግሎቹ ሹክ አሉ፤ አንደኛው ሽማግሌ ጮክ ብሎ ደገመው። «ልክ ነው። ያዘዘኝ እንጨት ነው። ገሉ የራሴ ነው።»

«በሽታውስ ከዘሩ ነው የመጣው?» አለኝ አያ ፈንቴ።

«ጠዳ ላይ ይኸው ዘር ደህና በቅሏል» አልሁ። እሱም እውነት ነው። በሁለት እውነት አንድ ሰው ገደልሁ።

ገሎቹ ወንዝ ተጣሉ። መሪጌታ እሳትና ውሃ ተከለከሉ፤ ለአዝመራ የሚረዳቸው፣ ለበዓል የሚጠራቸው፣ ቢያስነጥሱ «ይማርህ» የሚላቸው፣ ቢሞቱ የሚያለቅስላቸው እንዳይኖር ተማማሉ። እቴ ማንጠግቦሽን ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። ልጇ የሞተችው በአባቷ ድግምት ነው ብላ ታምን እንደነበር ኋላ ሰማሁ። መሪጌታ ብቻቸውን አንዲት አህያ እየነዱ ወደ ጠዳ ወረዱ ተባለ። እኔ በዚያው ዓመት ደመወዜ ተጨመረልኝ።

ከዚያ በኋላ በጠዳ ባለፍሁ ቁጥር በማኪናው ውስጥ ጎንበስ እል ነበር፤ ጫማዬን የማሥር ለመምሰል። በሦስተኛው ዓመት ግን እዚያው ጎማ ፈነዳብን። ሾፌሩ ሲቀይር መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው ከማሳቸው ወጡ። ጎብጠዋል። ጥምጥማቸው ግን እንደ ድሮው ጥብቅ ነበር።

«አቶ ሚዛን፣ ደህና ነህ? እናትህስ ደህና ናቸው?»

እናቴን አያውቋትም፤ አንድ ቀን ስሟን ሳነሣ ሰምተው ነው። «ደህና ናት» አልሁ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈለግሁ፤ ሾፌሩ ያያል ብዬ ተውሁት።

«ደብተሩን አልጣልኸውም?»

«አለ፣ አያ። እንዲያውም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ሸጋ። የሁለተኛውን ክረምት ጽፈኸዋል?»

አልጻፍሁም ነበር። ምን ብዬ ልጻፍ! ጣታቸውን አነሡ። «ባዶ የተተወ ገጽ ኋላ የሚመጣውን ሰው ያሳስታል። ጻፍ።» የማኪናው አፍንጫ ላይ ደብተሩን ዘርግቼ ጻፍሁ። አሥራ ስምንቱን መደብ አንድ በአንድ በቃላቸው ነገሩኝ፤ የትኛው በየትኛው ሳምንት ቢጫ እንደሆነ፣ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደተሻገረ፣ የጎርፉ መውረጃ የት እንደነበረ። አንዱንም አልሳቱም። በመጨረሻ እንዲህ አስጻፉኝ፦ ትልቁን በደጋ አትዝሩ። ከበሰበሰበት ማሳ በእግራችሁም በሞፈራችሁም አፈር አታውጡ። በዚያ መሬት ብዙ ዓመት ሽንኩርት አትመልሱበት፤ ጥቁሩ ፍሬ አፈር ውስጥ ይጠብቃል።

«ይህን ለደጋው ሰዎች አንብብላቸው» አሉ። «እኔ ብናገር አይሰሙኝም፤ በሰፈሩም አልታይም። ከወዲያ ማዶ ላሉት ሳይደርስ አንብብላቸው። ስለ እኔ ምንም አትበል፤ ስለ አፈሩ ብቻ።»

«እሺ፣ አያ» አልሁ።

እሺ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሺ። ስለ አፈሩ ባነብ ስለ ገሉ መጠየቄ አይቀርም፤ ስለ ገሉ ብናገር ስለ እኔ መናገሬ ነው። ዘንድሮ አለቃዬ ይቀየራል፣ ለከርሞ እሄዳለሁ፤ እናቴ ታማለች፣ ትዳን። እናቴ ሞተች፤ አለቃዬም ተቀየረ፤ እኔ አልሄድሁም። በሽታው ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ከማዶም ወደ ቀጣዩ ቀበሌ። ነጭ ሽንኩርት ለጎንደር ይሸጥ የነበረው አገር ለወጡ የሚሆን ፍሬ ከጎንደር ገዝቶ በአህያ የሚጭን ሆነ። ይህን ሁሉ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ በእጄ እጽፈው ነበር፤ «ምክንያቱ ያልታወቀ» እያልሁ።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ሞታቸውን ሰማሁ። በማግሥቱ እሑድ ሌሊት ተነሥቼ በመጀመሪያው ማኪና ዳባት ወጣሁ። ከዚያ በእግሬ መንደሩ የቅዳሴ መውጫ ላይ ደረስሁ። ያ ደጃፍ ነው፤ ጆንያ ያራገፍሁበት። ብዙዎቹ አላወቁኝም። አያ ፈንቴ ዓይናቸው ጠፍቶ በትር ይዘው ተቀምጠዋል። ስሜን ነገርሁና ደብተሩን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብሁ። የገሎቹን ሥዕል አሳየሁ። «ሸጋ ነው ያልሁት እኔ ነኝ፤ ዘሩን ያደልሁት እኔ ነኝ፤ 'ተው' ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አልሁ። ስለ አፈሩ ያስጻፉኝን ስጨርስ አያ ፈንቴ በትራቸውን መሬት ላይ አስተኙና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ሰማንያ ዓመት እግዜር ያቆየኝ ለዚህ ኖሯል?» አሉ። ከወጣቶቹ አንዱ ድንጋይ አነሣ፤ ሌላው እጁን ያዘው። ቢወረውረው ደስ ባለኝ ነበር።

እቴ ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ጸጉሯ ነጥቷል። ወደ እኔ መጣች፤ ትመታኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልመታችኝም። ያ የሁለት ሰው ድምፅ ጠፍቶ፣ እንደ ባሏ በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው፤ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት።

«ሞቷል አልህ?»

«አዎ። ሁዳዴ ሲገባ።»

«ሦስት ጊዜ ላከብኝ» አለች። «መጀመሪያ 'ነይ' ብሎ። ቀጥሎ 'ታምሜአለሁ፤ ውሃ የሚያቀብለኝ የለም' ብሎ። ዘንድሮ ገና ላይ ደግሞ 'አትምጪ፤ ብቻ የብርቄን መቃብር ሣር ንቀይልኝ' ብሎ። አንዱንም አላደረግሁ። ሣሩንም አልነቀልሁ። ልጄን የበላ ሰው ነው ብዬ፣ ደግ አደረግሁ ብዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተኝቼ አድሬአለሁ።» እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «ምነው ያን ጊዜ ተናግረህ ቢሆን? ካልሆነልህም ምነው ዝም ብለህ ብትኖር? እንግዲህ እኔ ዛሬ ምን ብዬ ልተኛ ነው?»

መልሴን አልጠበቀችም። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችና እዚያው ደጃፉ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ለባሏ ለቅሶ ተቀመጠች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለመሪጌታ እንዳያለቅሱ ተማምለው ነበርና፣ አንዲቱም አጠገቧ ለመቀመጥ አልደፈረችም።